ያለ ጨው የተውኳት ድመት

ቢሾፍቱ ሩቅ አይደለም። ሰው ጠዋት ወጥቶ፣ ምሳውን እዚያ በልቶ፣ ሳይመሽ ይመለሳል። ቀራንዮ ያሉት የመደብራችን ጎረቤቶች ግን ሱቅ ዘግቶ መሄድን ደንበኛን ለሌላ ሰው መርቆ እንደ መስጠት ስለሚቆጥሩት፣ ሐይቁን ከስልክ ላይ በቀር አላዩትም፤ የሚያዩትም አይመስለኝም። ከተመለስኩ ጀምሮ «እስቲ አውሪልን» እያሉ አሰልችተውኛል። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ስለ ሐይቁ ግን ብዙ አትጠብቁ፤ እኔ የሄድኩት አራት ድመት ተሸክሜ ነው።

ለማታውቁኝ፣ ትዕግስት እባላለሁ። ስሙን ያወጣችልኝ እናቴ እስካሁን ይቆጫታል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ የእሷን የእህልና የዱቄት መደብር እጠብቃለሁ። በእውነት የምትጠብቀው ግን ውሮ ነበረች። ውሮ ድመታችን ናት። እኛ ሰፈር ድመት ሁሉ ውሮ ነው፤ ለድመት ሌላ ስም ማውጣት ሥራ የፈታ ሰው ነገር ነው። አራት ዓመት ሙሉ ከጆንያ ጆንያ እየዘለለች አይጥ ስታድን ኖራለች፤ ቀን ቀን እኔ ጭን ላይ ትተኛለች። የሌላ ሰው ጭን አትነካም። ይኼን ልብ በሉልኝ።

ችግሯ ልጆቿ ናቸው። ሁለት ጊዜ ወልዳ ሁለቱንም ጊዜ አላደጉላትም። ሁለት ሦስት ወር ሲሞላቸው ምግብ ይተዋሉ፣ ሆዳቸው ውኃ እንደ ሞላ ፌስታል ይነፋል፣ ጀርባቸው አጥንት ብቻ ይሆናል፣ ከዚያ በቃ። ዘንድሮ ሦስት ወለደች። ሦስቱም ዓይናቸው ሳይገለጥ ቃል ተገባላቸው፤ አንዱ ለወፍጮ ቤቱ፣ አንዱ ለበርበሬ ሻጩ ለጋሽ ከድር፣ አንዷ ለእኛው። ጋሽ ከድርማ ጨዉንም ቀድሞ አምጥቷል። እናቴ አገር ድመት በነጻ አይሰጥም፤ ወሳጁ አንድ እፍኝ ጨው ይሰጣል። ያለ ጨው የሄደች ድመት አይጥ አትይዝም፣ ቤቱም ቤቷ አይሆንም ይባላል። ጨው ከተቀበልሽ ደግሞ ድመቷ ያንቺ መሆኗ አበቃ።

እናቴ ዘንድሮ ቁርጡን ነገረችኝ። እነዚህም ካለቁ ድመት የሚባል ነገር በቃት፣ የአይጥ መርዝ ነው የምታስቀምጠው። መርዝ የበላ አይጥ ማን እንደሚበላው ልነግራት አፌን ስከፍት፣ ታውቀዋለች፤ ፊቷን ወደ ሚዛኑ አዞረች።

ማህሌት የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን የቀራንዮ ልጅ ናት። እሷ አለፈች፣ ቢሾፍቱ ሄዳ የእንስሳት ሕክምና ተማረች፣ ተመርቃ እዚያው ሥራ ያዘች። ባዮሎጂ ያስጠናኋት እኔ ነኝ። ይህን በኋላም እደግመዋለሁ፣ ቻሉኝ። ስንት ጊዜ ተጠፋፍተን ቆይተን ስለ ግልገሎቹ ሆድ ደውዬ ስነግራት፣ የድመት ኮሮና ይመስላል፣ እነሱም የዚሁን ክትባት እየሠሩ እንደሆነ ነገረችኝ። የምትሠራ ከሆነማ ፍሪጅ ውስጥ ይኖራታል ብዬ አሰብኩ። ዳቦ የሚጋግር ሰው ዳቦ አያጣም። እመጣለሁ አልኳት፣ ነይ አለችኝ። ካርቶን ፍለጋ ወጣሁ።

ሐሙስ። ሲዘንብ አድሮ የቀራንዮ ጭቃ ጫማ ይነጥቃል። አራቱንም የማካሮኒ ካርቶን ውስጥ ከትቼ፣ ጎኑን በካቻቪቴ በሳስቼ፣ በሲባጎ አስሬ ወጣሁ። እናቴ ለማህሌት ብላ ቆጮ ጠቅልላ አስያዘችኝ። ለእኔ ስንቅ አልያዘችልኝም። የተማረ ሰው ትወዳለች።

ከቀራንዮ ጦር ኃይሎች፣ ከጦር ኃይሎች ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ቃሊቲ። ታክሲ በቀየርኩ ቁጥር ረዳቱ ካርቶኑ ከኋላ ይሁን ይለኛል፣ እሱ ከኋላ ከሆነ እኔም ከኋላ እሆናለሁ እላለሁ። ውሮ አንድ ጊዜም አልጮኸችም። የጮኸው ሰው ነው። ከቃሊቲ የቢሾፍቱን ሚኒባስ ይዘን ዱከምን እንዳለፍን፣ የካርቶኑ ታች በሽንት ርሶ ኖሮ ተዘረገፈ። ውሮን ያዝኳት፤ ልጆቿ ግን በወንበር ሥር ተበተኑ። ሹፌሩ ዳር ይዞ ቆመ። እኔ ስድብ ስጠብቅ፣ የእኛ መስመር ታክሲ ቢሆን እኮ ድመቶቹም እኔም አስፋልት ላይ ነበርን፣ ሰው ሁሉ አጎንብሶ ይፈልግ ጀመር። አንዱን አንድ ሰውዬ ከቦርሳው ሥር አወጣው፣ አንዱን አንዲት ሴትዮ ከቀሚሷ ጫፍ። ሦስተኛዋን ረዳቱ ከመለዋወጫ ጎማው ውስጥ ጎትቶ በአንድ እጁ ከፍ አደረገና፣

«ድመት ያልደረሰው አለ?» አለ።

ከቢሾፍቱ ሌላ መኪና ይዛ ሞጆ የምትቀጥል አንዲት እናት፣ ከነክዳኑ የገዛችውን አዲስ ሳፋ ዕቃዋን ገልብጣ ሰጠችኝ። የት አግኝቼ እመልስልሻለሁ ስላት «ሳፋማ ይገዛል» ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። እስክንደርስ ክዳኑን ገርበብ አድርጌ ይዤው ሄድኩ።

ቢሾፍቱ ይሞቃል። ከእኛ ብርድ የመጣ ሰው ሹራቡን የት እንደሚጥለው ይጠፋዋል። ባጃጁ እንደ ንብ ነው፤ ጋሪ የሚጎትቱት ፈረሶች ከኮልፌዎቹ ይወፍራሉ። ማህሌትም ወፍራለች። አምሮባታል፤ ይኼን መጻፍ አልፈለግኩም ነበር።

የምትኖረው እትዬ በላይነሽ የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ፣ ፓፓያ ዛፍ ሥር፣ አንድ ክፍል ተከራይታ ነው። የራሷ ቁልፍ አላት። እኔ የራሴ ቁልፍ ኖሮኝ አያውቅም፤ የመደብሩን እንኳ እናቴ አንገቷ ላይ ነው የምታንጠለጥለው። ማህሌት በሩን ስትከፍት እጇን ሳይ ሳይ ቆየሁ፣ ቁልፍ ማዞር እንደ ሥራ ቆጥሬው።

እትዬ በላይነሽ ዓሣ ጠብሰው ጠበቁን፤ ከሐይቁ የወጣ ነው አሉ። እኛ ጋ የጠገበ ድመት አይጥ አይዝም ተብሎ ትንሽ ይራባል፤ ውሮ ዓሣ አይታ አታውቅም። ማህሌት አጥንቱን እየለቀመች አንድ ሙሉ ቁራጭ በእጇ አበላቻት። ውሮ እጇን ላሰች። ከዚያ ዘወር ዘወር ብላ ጭኗ ላይ ወጥታ ተጠቀለለች።

«ዓሣ ስለሸተትሽ ነው» አልኳት።

«ይሆናል» አለች ማህሌት፣ የውሮን ጆሮ እያሻሸች።

ክትባቱ ነገ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቅኳት። ሳህኗን እያየች፣ ሥራ ቦታ እንሂድና ዶክተሩ ያስረዳሻል አለችኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ድካም ጣለኝና ተኛሁ። ጠዋት ስነቃ ውሮ የተገኘችው በማህሌት እግር ሥር ነው።

ዓርብ። የሥራ ቦታዋን ስም አልጽፍም፣ እንግዳ ሆኜ ሄጄ ስማቸውን መዘርዘር አልወድም። የመስታወት ሕንጻ ጠብቄ ነበር። አንድ ኮሪደር፣ ሦስት ሰው፣ ሁለት ፍሪጅ። ግድግዳው ቀለሙ መላጡን ሳይ ደስ አለኝ፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ከዚያ ማህሌት ነጭ ጋዋኗን ለበሰች። ስሟ ደረቷ ላይ በሰማያዊ ክር ተጠልፏል። ደስታዬ እዚያው ቀረ።

ዶክተሩ ጠና ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ማህሌት ስታስተዋውቀኝ «ባዮሎጂ ያስጠናችኝ እሷ ናት» አለቻቸው። ልወረውረው የያዝኩትን ድንጋይ ከእጄ ወሰደችው። እኔም ወንበር ሳልይዝ ክትባቱ የት እንዳለ ጠየቅኋቸው።

«የለም ልጄ» አሉኝ። «ገና ነው። መንገድ ላይ ነን።»

ፍሪጁን ከፍተው አሳዩኝ። የድመት ደምና የድመት ኩስ ነው፣ በትንንሽ ብልቃጥ፣ በየቁጥሩ።

የነገሩኝን በራሴ አማርኛ ልንገራችሁ። ይኼ ኮሮና ያ እኛን ያስነጠሰን አይደለም፤ ዘመዱ ቢሆንም ከድመት ወደ ሰው አይመጣም። ኑሮው አንጀት ውስጥ ነው። ብዙዋ ድመት ይዛው ትኖራለች፣ ምንም አትሆንም፣ በኩሷ ግን ታወጣዋለች። አንዳንዷ ውስጥ፣ በተለይ ልጅ ከሆነች፣ ጠባዩን ይለውጥና ከአንጀት ወጥቶ መላ ሰውነቷን ይወርራል፤ ሆድ የሚነፋው ያኔ ነው። ክትባት ማለት ደግሞ ሰውነት ዘብ እንዲያቆም ማስተማር ነው። በዚህ በሽታ ግን ዘቡ ራሱ አንዳንዴ ሌባውን አዝሎ ያስገባዋል፤ በፊት ከተሞከሩት ውስጥ፣ የተከተቡት ካልተከተቡት ቀድመው የሞቱበት አለ። ውጭ አገር በአፍንጫ የሚንጠባጠብ አንድ አለ፤ ግን የሚሰጠው ግልገሎቹ ጠንከር ካሉ በኋላ ነው፣ እስከዚያ ብዙዎቹ ተይዘው ይጠብቁታል። እነዚህ ሦስት ሰዎች ገና መጀመሪያው ላይ ናቸው። የእኛ አገር ድመቶች የያዙት የትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ ይዘውት የማይታመሙትስ ምን ዓይነት ዘብ እንዳላቸው ይለቅማሉ። ዘቡ በር እንዳይከፍት የሚያደርገው ሲገኝ ነው ክትባት የሚባለው።

ላምና በግ እያለ ለድመት ይኼ ሁሉ ምንድን ነው አልኳቸው። አልተቆጡም። ሁሉም ሰው እንደሚጠይቃቸው፣ በአንዲት ድመት የተማሩት ለሌላውም እንስሳ እንደሚጠቅም ነገሩኝ። ከዚያ «አንቺስ መደብር ውስጥ ላም ነው ያለሽ?» አሉኝ።

ማህሌት ውሮን በፎጣ ጠቅልላ ከእግሯ ደም ቀዳች። ልርዳሽ ብዬ እኔ ስይዛት ግን ቧጨረችኝ። ከዚያ ሦስቱም ሰዎች ብልቃጧን ከበው ቆሙ። ድመት ሆና ደሟን ሦስት ሰው ያይላታል። እኔ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር ማን ምን ጎደላት ብሎ አየኝ?

ኮሪደሩ ላይ ማህሌትን ያዝኳት። ክትባት እንደሌላት እያወቀች ለምን አስመጣችኝ? ካርቶን ሲዘረገፍብኝ፣ ሰው ፊት ስዋረድ፣ እሷ ዓሣ ስታስጠብስ ነበር።

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር?» አለችኝ። «ስንት ዓመትሽ ነው ካየሽኝ? አንድም ቀን ደውለሽልኝ አታውቂም። የደወልሽው ለድመት ነው።»

ጀርባዬን ሰጥቻት ውሮን ላነሳ ገባሁ።

ከአራቱም የተወሰደው የኩስ ምርመራ እስኪደርስ እናትና ልጆች ይለዩ ተባለ። ግልገሎቹ እትዬ በላይነሽ ዕቃ ቤት ገቡ። ውሮ ከሰዓቱን ሁሉ በሩ ሥር ተቀምጣ ጠራቻቸው። እኔም አብሬያት ተቀመጥኩ፤ ቢያንስ ያን ጊዜ የእኔ ነበረች።

ቅዳሜ። ማህሌት በዕረፍት ቀኗ ለእኔ ብላ ሥራ ገባች። እትዬ በላይነሽ ብቻዬን እንዳልቀመጥ ብለው ሐይቅ ዳር ወሰዱኝ። ሐይቁ ትልቅ ነው፣ ውኃው አረንጓዴ ነው፣ ወፍ አለበት። ይኼው። ከእኛ በኩል ከቆሼ ሲነፍስ የሚመጣው ሽታ እዚያ የለም፤ አየሩን ስስበው ይኼንንም ማህሌት በየቀኑ በነጻ ትስበዋለች እያልኩ ነው።

ስንመለስ ማህሌት በሩ ላይ ቆማ ነበር። የልጆቹ ኩስ ንጹሕ ነው አለች፤ ከእናታቸው ወተት ያገኙት ዘብ ገና አለ። የእናታቸው ግን ሞልቷል። አሁኑኑ ለዘለቄታው ካልተለዩ ዘቡ ያልቅና እንደ ፊተኞቹ ይይዛቸዋል። ከተለዩም ማንም ምሎ ባይሰጥም የመትረፍ ዕድላቸው ሰፊ ነው።

ውሮ ናት ለካ። የፊተኞቹን የጨረሰቻቸው እሷው ናት፤ ምንም ሳታውቅ፣ እየላሰቻቸው፣ አብረው በሚጸዳዱበት በአንድ የአመድ ካርቶን እያካፈለቻቸው።

ውሮን ይዤ ልመለስ? ልጆቹ ይቀራሉ፣ እናቴም እንዳለቁ ትቆጥራቸውና መደብሩ መርዝ ይገባበታል፣ መርዙም ዞሮ እሷኑ ይገድላታል። ልጆቹን ይዤ ልመለስ? ውሮስ የት ትግባ? ማህሌት የሦስተኛውን ጥያቄ መልስ ይዛ ነበር። ውሮን እሷ ታስቀምጣታለች፤ ተሸክማው የማትታመም ድመት ናት፣ በየሳምንቱ ደሟንና ኩሷን ቢያዩላት ለክትባቱ ሥራ ትልቅ ነገር ነው። ሌላ ድመት በግቢው የለም፣ የምታስይዘውም የለም።

«አስበሽበታል» አልኳት።

«አዎ» አለች። «ስልክ ላይ ስትነግሪኝ ነው ያሰብኩት።»

ብትክድ ይሻለኝ ነበር። ነጥቡን ወሰደች፣ ቁልፉን ወሰደች፣ የእናቴን ቆጮ ወሰደች፣ አየሩን ወሰደች። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስቆጥር እትዬ በላይነሽ ሽሮ አቅርበው «ልጄ፣ ብትቆጪም ከበላሽ በኋላ ተቆጪ» አሉኝ። በላሁ። ጣፋጭ ነበር፤ እሱም አናደደኝ።

እሑድ። ግልገሎቹን ሳፋው ውስጥ አደረግኩ። ውሮን ልሰናበታት ብፈልጋት ማህሌት አልጋ ላይ፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ሆዷን ሰጥታ ተኝታለች። አልቀሰቀስኳትም። ቀስቅሼያት ወደ ማህሌት ብትሄድስ?

መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። መኪናው ሊሞላ አንድ ሰው ሲቀረው እጇን ኪሷ ከተተችና እዚያ ፍሪጁ ውስጥ ካየሁት ዓይነት አንድ ብልቃጥ አወጣች። ጨው ሞልታዋለች። የጎጃም ሰዎች ልጅ ናት፣ ይኼ የእነሱ ወግ አይደለም፤ ልጅ ሆነን እናቴ ስትቀበል እኛ ሱቅ ቁጭ ብላ ያየችውን ነው ያስታወሰችው።

«ከእትዬ በላይነሽ ወጥ ቤት ነው» አለች። «እማማ እንዳይቀየሙኝ።»

እጄን ሳፋው ሥር ደበቅኩ።

«አልሰጠሁሽም» አልኳት። «አደራ ነው ያስቀመጥኩብሽ።»

«እሺ።»

«አይጥም አትይዝልሽም።»

«እሺ፣ ትዕግስት።»

ብልቃጡን መልሳ ኪሷ ከተተች። መኪናው ሲነሳ እጇን አውለበለበች፤ እኔ ሁለት እጄም ሳፋ ይዟል። እስከ ቃሊቲ ድረስ ግልገሎቹ እናታቸውን እየጠሩ ያለቅሳሉ፣ እኔ በዚያ ክፍል ያለ አይጥ ሁሉ ተሰብስቦ ያን በሰማያዊ ክር የተጠለፈ ስም ሲበላ አያለሁ። ይኼን ምኞት ስመኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቀራንዮ ስደርስ ግን ጭቃው ብቻ ነው የጠበቀኝ።

እናቴ ግልገሎቹን ቆጠረችና እናትየዋስ አለች። ነገርኳት። ዶክተሩን፣ ዘቡን፣ ሁሉንም። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጨው ተቀበልሽ ወይ? አልተቀበልኩም። «እንግዲያ አይጥ አትይዝላትም» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ወላጅ እንዲህ ሲያጽናና ደስ ይላል።

አሮጌውን የአመድ ካርቶን አቃጠልኩ፣ ወለሉን ሁለት ጊዜ በበረኪና አጠብኩ። ከዚያ በየጠዋቱ ሱቁ ሲከፈት መጀመሪያ የማደርገው የሦስቱን ሆድ መዳበስ ነው። የፊተኞቹ መነፋት የጀመሩበት ጊዜ ደረሰ። አለፈ። ጋሽ ከድር የሱን ወሰደ፣ ወፍጮ ቤቱም ጨዉን አምጥቶ ወሰደ። የቀረችን አንዷ ትናንት ከጤፍ ጆንያ ኋላ የመጀመሪያ አይጧን ይዛ ወጣች። እናቴ መርዝ የሚል ቃል ካነሳች ቆይታለች። የእኔን ጭን ግን አትፈልግም፤ ጆንያው ይበልጥባታል።

የእሷን ጀብዱ ለማህሌት ልጽፍላት ስልኬን ሳነሳ፣ ማህሌት ቀድማኝ ፎቶ ልካለች። ውሮ ናት። ወፍራለች፣ እሷም አምሮባታል። ፓፓያው ሥር ቆማ አፏ ውስጥ አይጥ ይዛለች። ማህሌት ከሥሩ አንድ ቃል አልጻፈችም። ብትጽፍ፣ ብታሾፍብኝ፣ እሰድባት ነበር።

ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አየችው፣ ስልኩን አርቃ አየችው።

«ያለ ጨው?» አለች።

ስልኩን ዱቄት ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ሁለት ደንበኛ ሸኘሁ። አንዷ ምስር ጠየቀችኝ፣ ሽምብራ ሰፈርኩላት። ከዚያ እጄን በሽርጤ ጠርጌ ለማህሌት ጻፍኩላት፤

«ጨዉን ላኪ።»